የምድር መርጋትና መዞር፦ የሙስሊም የፈለክ ሊቃውንት ክርክርና ለመምህራን የሚተወው ትምህርት

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሐቦቻቸው ላይ ይሁን።

በአገራችን ብዙ ልጆች ጧት መደበኛ ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ መድረሳ ይውላሉ። ጧት በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ምድር በራሷ ዛቢያ እንደምትሽከረከርና ፀሐይን እንደምትዞር ይማራሉ። ከሰዓት በኋላ ሱረቱ ያሲንን ሲቀሩ የፀሐይንና የጨረቃን ጉዞ የሚናገሩ አያዎች ያገኛሉ። ከእነዚህ ልጆች አንዱ «ኡስታዝ፣ ታዲያ የትኛው ነው እውነቱ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። መልሱ የልጁን ልብ ወይ ከቁርኣኑ፣ ወይ ከትምህርቱ፣ አንዳንዴም ከመምህሩ ሊያርቀው ይችላልና።

በዚህ ጥያቄ ላይ በመካከላችን ሁለት መልሶች ሲነገሩ እንሰማለን። አንደኛው «ምድር የረጋች ናት፤ ተቃራኒውን የሚል ሁሉ ከዲን ጋር ይጋጫል» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ኮፐርኒከስ ያገኘውን ቁርኣን አስቀድሞ ነግሮናል» የሚል ነው። ሁለቱ በውጤት ቢለያዩም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም የአላህን ቃል በሰው ልጅ የፈለክ ስሌት ላይ ያስራሉ። በዚህ ጽሑፍ የቀደሙት ሙስሊም ሊቃውንት ጉዳዩን እንዴት እንደያዙት እንመለከታለን። ከእነርሱ አብዛኞቹ ምድር ረግታለች ይሉ ነበር፤ በዚህም አልተሳካላቸውም። ጥያቄውን የያዙበት መንገድ ግን ዛሬም ሊያገለግለን የሚችል ነው ብለን እናምናለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሂጅራ ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከግሪኮች የተወረሰው ዓለም

ፀሐይ በመካከል ናት የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። ከነቢዩ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ልደት 3 መቶ ዓመታት ያህል ቀደም ብሎ የነበረው የሳሞሱ አሪስታርኮስ ምድር ፀሐይን ትዞራለች ብሎ ነበር፤ ይህንንም የምናውቀው አርኪሜዲስ ስለ እርሱ ከጻፈው ነው። ሐሳቡ ግን ብዙ ተከታይ አላገኘም። ያሸነፈው የአርስቶትል ትምህርት ነው። በእርሱ አስተያየት ከባድ ነገር ሁሉ በተፈጥሮው ወደ ዓለም መካከል ይወድቃል፤ ምድር የከባድ ነገሮች ክምችት ስለሆነች መካከሉን ይዛ ረግታለች፤ ሰማያዊ አካላትም በዙሪያዋ በክብ መንገድ ይዞራሉ።

በ2ኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ ይኖር የነበረው በጥለሚዩስ (ቶሎሚ) ይህን ሐሳብ በስሌት አጠናክሮ፣ በኋላ ዐረቦች «አል-መጂስጢ» ያሉትን ታላቅ መጽሐፍ ጻፈ። ምድር ብትሽከረከር ኖሮ ደመናና ወፍ ሁሉ ወደ ምዕራብ ወደ ኋላ ሲቀሩ እናይ ነበር፤ ወደ ላይ የተወረወረ ነገርም ከተወረወረበት ቦታ ላይ አይመለስም ነበር ሲል ተከራከረ። ዛሬ ይህን ክርክር ሞኝነት አድርገን ልናየው አይገባም። ምድር በምድር ወገብ ላይ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ያህል ትሽከረከራለች፤ ይህን የሚያህል ፍጥነት ለምን እንደማይሰማን ለማስረዳት የሚያስፈልገው የእንቅስቃሴ ሕግ ገና አልታወቀም ነበር። አንድ ሰው ቀጥ ባለ መንገድ በእኩል ፍጥነት በሚጓዝ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ ብርቱካን ወደ ላይ ቢወረውር፣ ብርቱካኑ ተመልሶ እጁ ላይ እንደሚያርፍ ያያል። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ምክንያቱ በሚገባ የተብራራው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ሁለተኛው ክርክር ይበልጥ ጠንካራ ነበር። ምድር ፀሐይን የምትዞር ከሆነ በስድስት ወር ልዩነት ከሁለት በጣም የተራራቁ ቦታዎች ከዋክብትን ስለምናይ፣ የከዋክብቱ አቀማመጥ ጥቂት ሲለወጥ ማየት ነበረብን። እንዲህ ያለውን ለውጥ ደግሞ በዚያን ጊዜ ማንም አላየም። ከዋክብቱ ከሚገመተው በላይ እጅግ ሩቅ ሊሆኑ ይችላሉ የሚለውን መልስ ለመቀበል አእምሮ ይከብደው ነበር።

የፈለክ ዕውቀት በመስጂድ ደጃፍ

ይህ ዕውቀት ወደ ሙስሊሞች የገባው በትርጉም ነው። አል-መጂስጢ በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን በአል-ሐጃጅ ኢብን መጠር ተተረጎመ፤ በዚያው በ9ኛው ክፍለ ዘመን ኢስሐቅ ኢብን ሑነይን እንደገና ተረጎመው፤ ሣቢት ኢብን ቁራም አረመው። ይሁንና ሙስሊሞች በዚህ ዕውቀት የተጠመዱት የግሪክ መጽሐፍ ስለተተረጎመላቸው ብቻ አይደለም። የአምስቱ ሰላት ወቅት በፀሐይ፣ የረመዷን መግቢያና የሐጅ ወራት በጨረቃ፣ ቂብላም በቦታ አቀማመጥ የሚታወቅ በመሆኑ መስጂድ ራሱ የፈለክ ሊቅ ይፈልግ ነበር።

አል-መእሙን በባግዳድና በደማስቆ ምልከታ አስደረጉ፤ በሲንጃር ሜዳም ሊቃውንት የምድርን አንድ ዲግሪ ርዝመት በእግራቸው ሄደው ለኩ። በ929 ያረፉት አል-በታኒ በረቃ ከተማ ለብዙ ዓመታት ሰማይን ተመልክተው የፀሐይን ዓመት 365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ አደረጉት፤ ከዛሬው ልኬት የሚለየው በሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ከ6 መቶ ዓመታት በኋላ ኮፐርኒከስ በመጽሐፉ የእርሳቸውን ስም ደጋግሞ ያነሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ለሰላት ወቅት የሚያስፈልገው ፀሐይ ከአድማስ ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለች ማወቅ ነው። ፀሐይ ዞረችም ምድር ዞረች ስሌቱ ያው ነው። የመስጂድ ሰዓት ቆጣሪ ሥራው በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ አይንጠለጠልም ነበር፤ ስለዚህም ጥያቄውን ያለ ፍርሃት ማንሳት ይችል ነበር።

ጥርጣሬ የዕውቀት በር ሲሆን

በጥለሚዩስ በስሌቱ ትክክለኛ ውጤት ለማግኘት ሲል ከራሱ መርሕ የወጣበት ቦታ ነበር። ሰማያዊ ሉል በመካከሉ ዙሪያ በእኩል ፍጥነት መዞር አለበት ካለ በኋላ፣ የፕላኔቶቹን መዞር እኩልነት ግን ከመካከሉ ውጭ ካለ ሌላ ነጥብ ይለካው ነበር። ይህ በአንድ ምሰሶ ላይ የተተከለ ወፍጮ እየዞረ፣ ፍጥነቱ እኩል የሚሆነው ግን ከምሰሶው ወዲያ ለቆመ ሰው ነው እንደማለት ነው። በወረቀት ላይ ይሠራል፤ በእውነተኛ አካል ላይ ግን አይሆንም።

ይህን በግልጽ ያጋለጡት ከ965 እስከ 1040 ገደማ የኖሩት ኢብኑል ሀይሠም ናቸው። «አሽ-ሹኩክ ዐላ በጥለሚዩስ» በተሰኘው መጽሐፋቸው የእስክንድርያውን ሊቅ ስሕተቶች ዘረዘሩ። በመግቢያቸውም እውነትን የሚፈልግ ሰው የቀደሙትን መጻሕፍት በመልካም ግምት ብቻ የሚቀበል ሳይሆን የሚመረምርና በራሱም ግንዛቤ ላይ የሚጠራጠር መሆን እንዳለበት አስገንዝበዋል። ኢብኑል ሀይሠም ምድርን ከመካከል አላነሷትም፤ የሚፈልጉት በመካከል ካለች ምድር ጋር የሚስማማና እርስ በርሱ የማይጋጭ ሥርዓት ነበር። ነገር ግን ለኋለኞቹ ሊቃውንት የቤት ሥራ የሰጡት እርሳቸው ናቸው።

በዚያው ዘመን አል-ቢሩኒ (973–1048) የምድርን መሽከርከር ጥያቄ አንስተውታል። ስለ ህንድ በጻፉት መጽሐፍ የህንዱን ሊቅ የአርያብሃታን ተከታዮች አስተያየት ይጠቅሳሉ፤ አርያብሃታ በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ምድር እንደምትሽከረከር ተናግሮ ነበር። አል-ቢሩኒ በዚያ ላይ የሰጡት አስተያየት የሚታየው የሰማይ ሁኔታ በሁለቱም መንገድ ሊብራራ ስለሚችል የምድር መሽከርከር የፈለክን ስሌት አያፈርስም፤ ነገር ግን የማይቻል የሚያደርጉት ሌሎች ምክንያቶች አሉ፤ ጉዳዩም ለመፍታት ከባድ ነው የሚል ነበር። አቡ ሰዒድ አስ-ሲጅዚ የሚባሉ ሊቅ፣ የሚታየው እንቅስቃሴ የሰማይ ሳይሆን የምድር ነው በሚል መሠረት የሠሩትን አስጥርላብም አይተው አድንቀዋል። በታላቁ ሥራቸው በ«አል-ቃኑን አል-መስዑዲ» ግን ምድር ረግታለች የሚለውን ያዙ። ልብ የሚባለው ነገር ይህ ነው፦ ተቃራኒውን አስተያየት መርምረውታል፤ ጥንካሬውን መስክረውለታል፤ ያልተቀበሉትም በተፈጥሮ ማስረጃ እንጂ ባለቤቱን በክህደት በመክሰስ አይደለም።

የኢማሙል ገዛሊ ድንበር

ይህ ልማድ ከየት መጣ? አንዱ ምንጩ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ነው። በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ ልጃቸው ኢብራሂም ባረፈበት ቀን ፀሐይ ተጋረደች፤ ሰዎችም ፀሐይ የተጋረደችው ለኢብራሂም ሞት ነው አሉ። ነቢዩ ግን ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች ሁለቱ እንደሆኑና ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት ብለው እንደማይጋረዱ ተናገሩ፤ ወደ ሰላትና ዱዓም መሩ። በሐዘናቸው ቀን እንኳን ዲኑ ባልሆነ ማስረጃ እንዲደገፍ አልፈቀዱም።

በ505 ሂጅራ (1111) ያረፉት ኢማም አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊ ይህን መንፈስ ወደ መርሕ ለወጡት። «ተሃፉቱል ፈላሲፋ» ፈላስፎችን ለመተቸት የተጻፈ ነው፤ ነገር ግን በመግቢያው ፈላስፎች የሚሉት ሁሉ የሚነቀፍ እንዳልሆነ ይለያሉ። ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ በምድርና በፀሐይ መካከል ስትገባ ወይም ምድር ጥላዋን በጨረቃ ላይ ስትጥል መሆኑ በጂኦሜትሪና በሒሳብ የተረጋገጠ ነው፤ ይህን በዲን ስም መካድ ዲንን መጉዳት ነው ይላሉ። ማስረጃውን በዓይኑ ያየ ሰው ይህ ከሸሪዓ ጋር ይጋጫል ቢባል የሚጠራጠረው በግርዶሹ አይደለም፤ በሸሪዓው ነው። ዲንን ባልሆነ መንገድ የሚደግፍ ሰው የሚያመጣው ጉዳት በግልጽ ከሚያጠቃው ሰው ጉዳት ይበልጣል ሲሉም ያስጠነቅቃሉ። እርሳቸውን የሚያሳስባቸው ጥያቄ ዓለም ካለመኖር የተገኘ ነው ወይስ መጀመሪያ የሌለው የሚለው ነው፤ የዓለም ቅርጽ ወይም የሉሎቹ ቁጥር በዚህ ላይ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም የለም።

ከመራጋ እስከ ደማስቆ

ኢብኑል ሀይሠም የሰጡት የቤት ሥራ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ተነሳ። ባግዳድ በሞንጎሎች ከወደቀች ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1259 ነሲሩዲን አጥ-ጡሲ (1201–1274) በዛሬዋ ሰሜን ምዕራብ ኢራን በመራጋ ታላቅ የከዋክብት መመልከቻ መሥራት ጀመሩ። ሙአየዱዲን አል-ዑርዲ ከደማስቆ፣ ቁጥቡዲን አሽ-ሺራዚ ከሺራዝ መጥተው ከእርሳቸው ጋር ሠሩ። ጡሲ «አት-ተዝኪራ» በተባለው መጽሐፋቸው አንድ ክብ በእጥፍ በሚበልጠው ክብ ውስጥ በተወሰነ ፍጥነት ቢዞር በትንሹ ክብ ላይ ያለ ነጥብ ቀጥ ባለ መስመር ወዲያና ወዲህ እንደሚመላለስ አሳዩ። ይህ ዘዴ የበጥለሚዩስን ጉድለት የክብ እንቅስቃሴን መርሕ ሳይጥስ ለመጠገን አስቻለ።

ስለ ምድር መሽከርከርም በእነዚሁ ሊቃውንት መካከል የከረረ ክርክር ነበር። ጡሲ አየሩ ከነያዘው ነገር ሁሉ ከምድር ጋር አብሮ ሊዞር ስለሚችል የተወረወረ ድንጋይን በማየት ብቻ ምድር መርጋቷን ማረጋገጥ አይቻልም አሉ፤ መርጋቷን የተቀበሉት ከተፈጥሮ ፍልስፍና በመነሳት ነው። ተማሪያቸው አሽ-ሺራዚ ግን በዚህ አልተስማሙም። አየሩ ቢሸከማቸው ኖሮ ትልቅ ድንጋይና ትንሽ ድንጋይ እኩል ስለማይሸከም በተለያየ ቦታ ይወድቁ ነበር፤ ስለዚህ ምልከታ ራሱ ይፈርዳል አሉ። መምህርና ተማሪ በአንድ ውጤት ተስማምተው በማስረጃው ዓይነት ተለያዩ። ይህ የሕያው ትምህርት ምልክት ነው፤ ማስረጃውን የሚመረምር ሰው አንድ ቀን ውጤቱንም ይመረምራልና።

ከዚህ ሁሉ በላይ ለኢማሞቻችን ቅርብ የሆነው ታሪክ የደማስቆው ነው። ኢብኑ ሻጢር (በ1375 ያረፉ) በታላቁ የኡመያድ መስጂድ ሙወቂት፣ ማለትም የሰላት ወቅት ቆጣሪ ነበሩ። በ773 ሂጅራ ለመስጂዱ ሚናራ ትልቅ የእብነ በረድ የፀሐይ ሰዓት ሠሩ። እኒህ የመስጂድ አገልጋይ «ኒሃየቱ ሱል» በተባለው መጽሐፋቸው የበጥለሚዩስን የጨረቃ ስሌት አፈረሱት። በጥለሚዩስ እንዳለው ቢሆን ጨረቃ ወደ ምድር ስትቀርብ ስፋቷ ርቃ ሳለች ከሚታየው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረው ነበር፤ ይህን ደግሞ ሂላልን የሚጠባበቅ ሰው ሁሉ ሐሰት መሆኑን በዓይኑ ያውቃል። ኢብኑ ሻጢር ምድርን ሳያንቀሳቅሱ ይህን የሚያስተካክል አዲስ ሥርዓት ነደፉ። በ1957 የታተመ ጥናት የኢብኑ ሻጢር የጨረቃ ሥርዓት ከ170 ዓመታት ገደማ በኋላ ኮፐርኒከስ ካሳተመው ጋር አንድ መሆኑን አሳየ።

የከላም ሊቃውንትና የተከፈተው በር

የዒልመል ከላም ሊቃውንትም በዚህ ጉዳይ ላይ የራሳቸው አስተዋጽኦ ነበራቸው። በ1355 ያረፉት ዐዱዲን አል-ኢጂ በ«አል-መዋቂፍ» የፈለክ ሊቃውንት የሚስሏቸው ክቦች ምናባዊ እንደሆኑና ከሸረሪት ድር የደከሙ በመሆናቸው ሊያስፈሩ እንደማይገባ አመለከቱ። በ1413 ያረፉት ተንታኛቸው አሽ-ሸሪፍ አል-ጁርጃኒ ግን ምናባዊ ቢሆኑም የሚታየውን ሥርዓት በትክክል የሚገልጹና የፈጣሪን ጥበብ ለማስተዋል የሚረዱ ናቸው ብለው ለዕውቀቱ ተሟገቱ።

ይህ ክርክር በዐሊ አል-ቁሽጂ ዘንድ ፍሬ አፈራ። በሰመርቀንድ ከሱልጣን ኡሉግ ቤግ መመልከቻ ጋር የሠሩት ቁሽጂ ኋላ ወደ ኢስታንቡል ሄደው እስከ ዕረፍታቸው (1474) አስተማሩ። በጡሲ «ተጅሪድ» ላይ በጻፉት ማብራሪያ የፈለክ ሊቅ ለሥራው የአርስቶትል የተፈጥሮ ፍልስፍና እንደማያስፈልገው ተናገሩ። ያ ፍልስፍና ሲነሳ ምድር ትረጋ ዘንድ የሚያስገድድ ነገር አይቀርም፤ ስለዚህም ምድር ትሽከረከራለች ብንል የሚከተል ሐሰት ነገር የለም አሉ። ትሽከረከራለች ብለው አልወሰኑም፤ በሩን ግን ከፈቱት። ቁሽጂ ሲያርፉ ኮፐርኒከስ የአንድ ዓመት ሕፃን ነበር።

ኮፐርኒከስና ከእርሱ በኋላ

ኮፐርኒከስ በ1543 ባሳተመው መጽሐፍ ፀሐይን ወደ መካከል አመጣ፤ ምድርን ከፕላኔቶች አንዷ አደረጋት። በሥራው ውስጥ የጡሲ ክቦችና የኢብኑ ሻጢር የጨረቃ ሥርዓት ይገኛሉ። በምን መንገድ እንደደረሱት ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እዚህ ላይ ሁለት ማጋነኖችን እንራቅ። ኮፐርኒከስ የሙስሊሞችን ሥራ ገልብጦ ብቻ ነው ማለት ሐቅ አይደለም፤ ፀሐይን ወደ መካከል ያመጣው እርሱ ነው፤ በመራጋም ሆነ በደማስቆ ያን እርምጃ የወሰደ የለም። በአንጻሩ የአውሮፓ ትንሣኤ ከግሪኮች በቀጥታ የተወረሰ ነው፣ ሙስሊሞች መጻሕፍቱን ጠብቀው ብቻ ነው ያስተላለፉት ማለትም ሐቅ አይደለም። ፍትሕ ለወዳጅም ለሌላም እኩል ነው።

ኮፐርኒከስ ራሱ ምድር ለመዞሯ አሳማኝ ማስረጃ አልነበረውም። ማስረጃው የመጣው ቀስ በቀስ ነው። ኬፕለር በ1609 ምሕዋሩ ሞላላ መሆኑን ጻፈ፤ ጋሊሊዮ በ1610 ጁፒተርን የሚዞሩ አራት ጨረቃዎች ማየቱን አሳወቀ፤ ኒውተን በ1687 የስበትን ሕግ አሳተመ። በጥለሚዩስ ዘመን የጠፋው የከዋክብት አቀማመጥ ለውጥ እንኳን በቤሰል የተለካው በ1838 ነበር፤ ኮፐርኒከስ ካረፈ ወደ 3 መቶ ዓመት ገደማ በኋላ። ስለዚህ ምድርን ያረጉት ሊቃውንት በዘመናቸው ባለው ማስረጃ የፈረዱ እንጂ ብርሃን በርቶላቸው ዓይናቸውን የጨፈኑ አልነበሩም።

የዚህን ታሪክ ሌላ ገጽታም መምህራን ያውቃሉ። በ1616 የሮም ቤተ ክርስቲያን የኮፐርኒከስን መጽሐፍ እስኪታረም አገደችው፤ በ1633 ጋሊሊዮን ፈረደችበት፤ የፀሐይን መካከልነት የሚያስተምሩ መጻሕፍት ላይ የነበረው ጠቅላላ እገዳ የተነሳው በ1758 ነው። ይህን የምናነሳው በሌሎች ለመሳለቅ አይደለም። የአምልኮ ቃል ከአንድ ዘመን የፈለክ ትምህርት ጋር ሲታሰር ምን እንደሚሆን ለመማር ነው። ገዛሊ ከ5 መቶ ዓመታት በላይ ቀድመው ያስጠነቀቁት ይህንኑ ነበርና።

በሙስሊሙ ዓለም አዲሱ ሐሳብ የገባው በዝግታ ነው። በ1660ዎቹ መጀመሪያ ተዝኪረጂ ኮሴ ኢብራሂም ኤፌንዲ የኮፐርኒከስን ሥርዓት የሚያወሳ የፈረንሳይ መጽሐፍ ለዑስማንያዎች ተረጎሙ። ኢብራሂም ሙተፈሪቃ በ1732 የካቲብ ቸለቢን «ጂሃንኑማ» ሲያትሙ ስለ ሁለቱም ሥርዓቶች የሚያስረዳ ጽሑፍ ጨመሩበት። በካይሮ በአል-አዝሀር ደግሞ የዘር ምንጫቸው ከእኛው አፍሪካ ቀንድ የሆነው ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ (በ1774 ያረፉ) የሒሳብና የሰላት ወቅት ስሌት መምህር ነበሩ። ልጃቸው የታሪክ ጸሐፊው ዐብዱ-ረሕማን እንደዘገቡት በ1159 ሂጅራ ከአውሮፓ የመጡ ተማሪዎች ጂኦሜትሪ ተምረውባቸዋል። በ1876 ዐብደላ ፊክሪ የተባሉ ግብፃዊ ሊቅ አዲሱ የፈለክ ትምህርት ከሸሪዓ ማስረጃዎች ጋር እንደማይጋጭ የሚያስረዳ ጽሑፍ አዘጋጁ።

ለመምህሩና ለኢማሙ

ከዚህ ታሪክ በመነሳት በመግቢያችን ያነሳነውን የተማሪ ጥያቄ እንዴት እንመልስ? ሦስት ነገሮችን እናቅርብ።

አንደኛ፣ ቁርኣን ስለ ፀሐይ ሲናገር ሰው በዓይኑ በሚያየው መንገድ እንደሚናገር እናስረዳ። በሱረቱል ከህፍ 86ኛው አያ ዙልቀርነይን ፀሐይ በጥቁር ጭቃ ምንጭ ስትጠልቅ እንዳገኛት ይነገራል። ፈኽሩዲን አር-ራዚ (በ1210 ያረፉ) በተፍሲራቸው ፀሐይ ከምድር ብዙ እጥፍ የምትበልጥ ሆና ሳለ በምድር ምንጭ ውስጥ ልትገባ እንደማትችል ጠቅሰው፣ ነገሩ ለተመልካቹ የታየው እንደሆነ አስረዱ። ኢብኑ ከሢርም ለዓይኑ እንደታየው በማለት ፈትተውታል። እኛም ዛሬ «ፀሐይ ወጣች፣ ፀሐይ ጠለቀች» ስንል ዋሽተናል የሚለን የለም።

ሁለተኛ፣ ቁርኣንን የየዘመኑ ሳይንስ አጫፋሪ ከማድረግ እንቆጠብ። በሱረቱ ነምል 88ኛው አያ የተራሮች እንደ ደመና መሄድ የምድር መሽከርከር ማስረጃ ነው ሲባል ይሰማል፤ ከእርሱ በፊት ያለው አያ ግን ቀንዱ ስለሚነፋበት ቀን የሚናገር ነው፤ የቀደሙት ሙፈሲሮችም በቂያማ ቀን ፈትተውታል። የሱረቱ ያሲኑ የፀሐይ ጉዞም እንዲሁ ነው። ምድር የረጋች ናት በሚባልበት ዘመን የዚያ ማስረጃ ተደረገ። ዛሬ ፀሐይ ራሷ ከነፕላኔቶቿ በፍኖተ ሐሊብ መካከል ዙሪያ በሰከንድ 2 መቶ ኪሎ ሜትር በሚያልፍ ፍጥነት እንደምትጓዝ ስለታወቀ የዚህኛው ማስረጃ ይደረጋል። ነገ ስሌቱ ቢሻሻል አያውን ወዴት ልናዞረው ነው? ፀሐይም ብትሆን የዓለም መካከል አለመሆኗ ታውቋል፤ የሰው ዕውቀት ሲሄድ የአላህ ቃል በቦታው ነው።

ሦስተኛ፣ የሊቃውንቶቻችንን ታሪክ በሐቅ እናስተምር። አል-ቢሩኒ በዚህ ጥያቄ ትክክል አልነበሩም፤ ጡሲም እንዲሁ። ይህን መናገር ክብራቸውን አይቀንስም። ታላቅነታቸው ሁሉን በማወቃቸው ሳይሆን የማይስማሙበትን ሐሳብ በሐቀኝነት በመመዘናቸው፣ የተቀበሉትንም ስሕተት በመፈተሻቸው ነው። ተማሪው ሊወርሰው የሚገባውም የእነርሱን ድምዳሜ ሳይሆን ይህን አደባቸውን ነው።

እንግዲህ ልጁ «የትኛው ነው እውነቱ?» ሲል፣ ምድር በራሷ ዛቢያ ትሽከረከራለች፣ ፀሐይንም ትዞራለች፤ ይህ በብዙ ማስረጃ የተረጋገጠ ነው፤ የቀራኸውም አያ እውነት ነው፤ አያው የወረደው ፈጣሪህን እንድታውቅ እንጂ የምሕዋር ስሌት ሊያስተምርህ አይደለም ብሎ መመለስ ይቻላል። ይህን መልስ የሚሰጥ መምህር አዲስ መንገድ አልጀመረም፤ ከገዛሊ መርሕና ከደማስቆው ሙወቂት ሥራ ጋር የሚስማማውን መንገድ ይዟል። የሰማይና የምድርን አፈጣጠር ከሚያስተነትኑት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።